ያጎደልሁት ኖታ

ወንድሜ ሀብታሙ የሞተው ዓርብ ነው። እኔ ግን ከሐሙስ ብጀምር ይሻለኛል። ሐሙስ ገና ምንም አልሆነም ነበር።

ሐሙስ ጧት እንደ ልማዱ ቁርሱን ቆሞ በላ። ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ ሊወጣ ሲል እናታችን በር ላይ ያዘችውና አስወልቃ አስተካከለችለት። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ኮሌጅ ውስጥ ሙዚቃ ያስተምራል፤ ተማሪዎቹ መምህር ይሉታል። እጆቹን ወደ ላይ ሰቅሎ እንደ ሕፃን ሲለብስ አይቼ ሳቅሁበት። "ሳቅ፣ ሳቅ፤ አንተን የሚያለብስህ የለም" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔን እናቴ እንዲያ አድርጋ አልብሳኝ አታውቅም።

ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና ሽማግሌው ሙዚቀኛ ጋሽ ክፍሌ ቤት አብረን እንሂድ አለኝ። የሚጽፈው ሲምፎኒ ሁለተኛ ክፍል አልቆ፣ ጋሽ ክፍሌ ዘንድ ሁለት ሳምንት ከርሟል፤ ዛሬ ሊቀበላቸው ነው። "ና አንተም ስማው፤ ይመለከትሃል" አለኝ። ራሴን አሞኛል አልሁት። አላመመኝም። ጋሽ ክፍሌ ባሉበት ቤት ሦስተኛ ሰው ሆኖ መቀመጥ ነው የሚያመኝ። እሱም የገባው መሰለኝ፣ "እሺ፣ ቅዳሜ ትሰማዋለህ። ነገ ዱርቤቴ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ሄደ። ዱርቤቴ ያለችው አክስታችን ታማ ነበር።

ዓርብ ስነቃ ወጥቷል። ሲመለስ የተሳፈረበት ሚኒባስ ከመራዊ ወዲህ፣ የቆጋ የመስኖ ቦይ አጠገብ ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ፤ እሱ አልተረፈም። ስለ ዓርብ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ወንድሜን ለማያውቀው ሰው እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቱን ወደ ግራ ሰበር የሚያደርግ ሰው ነበር። የሚያዳምጠው ነገር ካለ አፉን ይከፍታል። እናታችን ዝንብ ይገባብሃል ትለው ነበር። አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን ጠጋኝ ነበር፤ ልጆች ሳለን አንድ ቀን ሁለታችንንም ይዞን ገባ። እኔ ጩኸቱን ፈርቼ ጆሮዬን ይዤ አለቀስሁ። ሀብታሙ ግን አፉን ከፍቶ በማሽኖቹ መካከል ሲዞር ቆይቶ አንዱን በጣቱ አሳየና "ይኼኛው ከሌሎቹ ይዘገያል" አለ። አባታችን ቢከፍተው እውነትም አንድ ብሎን ላልቶ ተገኘ። አባታችን ያን ወሬ እስኪሞት ድረስ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወራው ነበር። የእኔን ማልቀስም አብሮ ያወራዋል።

ከማንም የወሰደውን ነገር አይደብቅም ነበር። ጣና ሐይቅ ዳር ሰዒድ የሚባሉ ጀልባ ሠሪ አሉ። ሀብታሙ ምስማር ሲመቱ ቆሞ እያዳመጠ ምቱን ለሲምፎኒው መጀመሪያ ክፍል ወሰደው። ሲለማመዱ ሰውየውን ኮሌጁ አዳራሽ ድረስ በባጃጅ አምጥቶ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ጋሽ ሰዒድ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ "ጥሩ ነው፣ ግን እንዲህ ፈጥኖ የተመታ ምስማር ይጣመማል" አሉት፤ ወንድሜም በማግስቱ ምቱን አዘገየው። የኮሌጁ ባልደረቦቹ ይህን እያነሡ ያሙት ነበር። የራሱ ነገር የለውም፣ ከአናጢም ከሽማግሌም ይለቃቅማል ይሉ ነበር። እሱ አይቆጣም። "ዜማ ቤት የገባን ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቁት ከማን ተማርህ ብለው ነው። ከማንም ካለ አያስገቡትም" ይል ነበር።

ሲምፎኒ ምን እንደሆነ ያወቅሁት ከእሱ ነው። ብዙ መሣሪያዎች አንድ ላይ ሆነው ያለ ቃል ረጅም ነገር የሚናገሩበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው። የእኔ ሥራ መገልበጥ ነበር። ደራሲው በሚጽፈው ትልቅ ኖታ ላይ የሁሉም መሣሪያ መስመር አንዱ ካንዱ በታች ተደርድሮ ይገኛል። ተጫዋቹ ግን የሚፈልገው የራሱን መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የክላርኔቱን ለክላርኔት፣ የቼሎውን ለቼሎ እያወጣ መገልበጥ አለበት። በኮምፒዩተር የሚሠሩ አሉ። ሀብታሙ ግን የእኔን እጅ ጽሑፍ ነው የሚወደው። "አንተ የገለበጥኸውን ያየ ተጫዋች አይሳሳትም" ይለኝ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ቤት የተቀመጥሁ ሰው ነኝና፣ ይህችን ቃል ብቻዬን ስሆን እደጋግማት ነበር።

አሁን ስለ ጋሽ ክፍሌ። ጡረታ የወጡ የሙዚቃ መምህር ናቸው። ሽምብጥ ሰፈር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። በወጣትነታቸው በረዶ አገር ሄደው ተምረዋል፤ እዚያ ሳሉ አንድ ሲምፎኒ ጽፈው አንድ ቀን ብቻ ተጫውተውላቸዋል። ከዚያ ወዲህ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ነው። ሀብታሙ ለምኖ ሣጥኑን ያስከፈታቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ለእኔ ወንድሜን ማጣት የጀመርሁት ያኔ ነው።

መጀመሪያ የወሰደው አካሄዳቸውን ነው። ጋሽ ክፍሌ ሲሄዱ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፤ ሀብታሙም አጣመረ። ሻያቸው ስኳር የለውም፤ ሦስት ማንኪያ የሚያደርገው ወንድሜ ስኳር ተወ። ሰው ሲያስቸኩላቸው "ቆይ፣ ይምጣ" ይላሉ። ቤታችን ውስጥ ቆይ፣ ይምጣ የማይባልበት ነገር ጠፋ። ወጥ ሲዘገይ ቆይ፣ ይምጣ፤ መብራት ሲጠፋ ቆይ፣ ይምጣ። በመጨረሻ ሳላቸው ሳይቀር ተጋባበት። አፋቸውን ሳይከፍቱ ሁለት ጊዜ እህ እህ ይላሉ። አንድ ቀን ከጓዳ ሆኜ ይህን ሰምቼ ሽማግሌው የመጡ መስሎኝ ወንበር ይዤ ወጣሁ። የቆመው ወንድሜ ነው። "ጡረታስ መቼ ነው የምትወጣው?" አልሁት። እስኪያነባ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ባለፈው ጥር ሁለቱ ደቅ ደሴት ሄዱ። እኔ አልተጠራሁም። የጀልባው አግዳሚ እንጨት ስለሆነ ወገባቸውን እንዳያማቸው የጋሽ ክፍሌን ትራስ ተሸክሜ ወደብ ድረስ ሸኘኋቸው። ትራሱን አቀብዬ ዞር ስል ጀልባው ተነሣ። ጀርባቸው ነው የሚታየኝ፤ ሁለቱም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ለማያውቅ ሰው አባትና ልጅ ይመስላሉ። የሚያውቅ ሰውም ቢሆን ይሳሳት ነበር። በሁለተኛው ቀን ሲመለሱ ሀብታሙ ስለ ደሴቱ ቤተ ክርስቲያን የብራና መጻሕፍት ሊነግረኝ ጀመረ። ስልኬን እየነካካሁ አላዳመጥሁትም። አዳምጬው ቢሆን ኖሮ ኋላ ያደረግሁትን አላደርግም ነበር።

እኔ ያለኝ፣ እሱ ግን የሌለው አንድ ነገር ነበር። ፉጨት። ልጆች ሆነን ሐይቁ ውስጥ ስንዋኝ እሱ ርቆ ይሄዳል፤ ድምፄ አይደርሰውም። ያን ጊዜ ሁለት ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ አፏጫለሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ ረጅሟ መጨረሻዋ ላይ ወደ ላይ ትወጣለች። እሱ ማፏጨት አልሆንለት ብሎ ቀረ። የሰማውን ሁሉ የሚይዝ ሰው ይህን አቃተው። ፉጨቴን የምወዳት ለዚህ ይመስለኛል።

በለቅሶው ሦስቱንም ቀን ጋሽ ክፍሌ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በሠልስቱ እናቴንና እኔን ጠርተው፣ ሀብታሙ ሁለት ክፍል ጨርሶ ማስቀረቱን፣ ቀሪዎቹን ሁለቱን ግን እንዳልደረሰባቸው ነገሩን። ከአርባው በኋላ ባለው እሑድ ያለቀውን ኮሌጁ አዳራሽ ውስጥ ለማሰማት ፈቃድ ጠየቁ።

"እንደ ለቅሶ ነው ወይስ እንደ ደስታ?" አለቻቸው እናቴ።

"እሱን እኔም አላውቅም፣ እመቤት" አሉ።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ከዚያ እሱ የሚወደው ከሆነ ይሁን አለች። የመጀመሪያው ክፍል ቀድሞ ተገልብጧል። ሁለተኛውን ማን ይገልብጥ ሲባል እኔ አልሁ። የሰማ ለቀስተኛ ሁሉ ወንድም ማለት እንዲህ ነው እያለ መረቀኝ።

በማግስቱ፣ ሐሙስ ከጋሽ ክፍሌ ቤት ይዞት የመጣውን የኖታ ማህደር ከፈትሁ። የክላርኔቱ መስመር ገና ሲጀምር ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። መገልበጥ እችላለሁ እንጂ ኖታ ማንበብ ብዙም አይሆንልኝም፤ ይህችን ግን አወቅኋት። ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ቀስ ብዬ አፏጨኋት። እሷው ናት። ገጹን እየገለጥሁ ሄድሁ፤ ሁሉም ቦታ አለች፤ አንዴ በቫዮሊን፣ አንዴ በፍሉት። ይመለከትሃል ያለኝ ይህን ነበር። አለቀስሁ። ነውር ካልሆነ፣ ደስም አለኝ።

ከዚያ ቀዩን አየሁ። ከሥር፣ ወፍራም ድምፅ ባላቸው መሣሪያዎች፣ በቼሎው፣ በደብል ቤዙና በትሮምቦኑ መስመር ላይ ያለው ከሞላ ጎደል ሁሉ በቀይ ቀለም የተጻፈ ነው። አንድ ሙሉ ገጽ የሚጎተቱ ወፍራም ድምፆች፣ ከዚያ እዚህም እዚያም ፉጨቷን ተከትሎ የሚመጣ አጭር ነገር። ወንድሜ በቀይ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። ትምህርት ቤት የገባ ሁሉ ደግሞ ቀይ እስክሪብቶ የማን እንደሆነ ያውቃል። የመምህር ነው። የእኔ ደብተሮች በቀይ ተሞልተው ነው ያለቁት። ሁለት ሳምንት ሽማግሌው ዘንድ የከረመው ለዚህ ነው አልሁ። ወንድሜ ስለ እኔ ጻፈ፤ እሳቸው አረሙት። በሕይወት ሳለ የወሰዱት አልበቃ ብሏቸው፣ ለእኔ ወደተጻፈው ስድስት ገጽም ገቡ።

ለመወሰን ጊዜ አልፈጀብኝም። ጥቁሩን ብቻ ገለበጥሁ። ቀይ ያለበትን ሁሉ ዝምታ አደረግሁት። ዝምታም ምልክት አለው፤ ይህን ያህል ምት ቆጥረህ ጠብቅ የሚል ነው። ለቼሎው፣ ለቤዙና ለትሮምቦኑ ባዘጋጀሁት ወረቀት ላይ ጠብቅ ከማለት በቀር ብዙ ነገር የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጧት ጧት ተቀምጬ ሠራሁት። እጄ እንደዚያ አምሮ አያውቅም። ሀብታሙ ቢያይ ምን ይል ይሆን ብዬ አስቤአለሁ። ደስ ይለዋል ብዬ ነው ያሰብሁት። የወንድሜን ሥራ ከሰው እጅ አውጥቼ ለራሱ የመለስሁለት መስሎኝ ነበር።

ጋሽ ክፍሌ ለመምራት ትልቁን ኖታ ጠየቁኝ። እናቴ ከቤት እንዳይወጣ ብላለች አልኋቸው። እናቴ እንዲህ ያለ ቃል አልወጣትም። "ግድ የለም፣ ጆሮዬ ውስጥ አለ" አሉኝ። ይህም አናደደኝ። የወንድሜ ሙዚቃ እሳቸው ጆሮ ውስጥ ምን ያደርጋል?

ተጫዋቾቹ ዐሥራ ዘጠኝ ነበሩ፤ ከኮሌጁ፣ ከባህል ቡድንና ከፖሊስ የሰልፍ ባንድ የተሰባሰቡ። ለሲምፎኒ አይበቁም። የጎደለው መሣሪያ በሌላ እየተተካ፣ አንዱ ሳክስፎን የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። ትሮምቦን የሚነፋው ሳጅን አየለ የሚባል ግዙፍ፣ ቀልደኛ ሰው ነው። የመጀመሪያው ክፍል በደህና ሄደ። ሁለተኛውን የሞከሩት ለእሑዱ አራት ቀን ሲቀር፣ ረቡዕ ከሰዓት ነው። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ።

ጋሽ ክፍሌ እጃቸውን አነሡ። ክላርኔት የምትነፋዋ ልጅ ጀመረች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ጋሽ ክፍሌ ግራ እጃቸውን ወደ ቼሎዎቹ ዘረጉ፤ ማንም አልጀመረም። ወደ ትሮምቦኑ ዞሩ፤ እዚያም ዝም። ተጫዋቾቹ ደጋናቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ልጅቷ ደገመችው። አሁንም ምንም የለም። ፉጨቴ እንደተመኘሁት ብቻዋን ነበረች። ሳዳምጣት ግን ሐይቅ ዳር ሆኖ ወንድሙን የሚጠራ ልጅ አይመስልም። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ሰዎች ረስተውት የሄዱት ልጅ ነው የሚመስለው።

ሳጅን አየለ ትሮምቦኑን ጭኑ ላይ አጋደመ። "ጋሽ ክፍሌ፣ ሰማንያ ቆጥሬ ጨረስሁ፣ አሁንም ቁጠር ይለኛል" አለ። "ለመቁጠሩማ ገበያ ወጥቼ በግ እቆጥር ነበር።" ተጫዋቾቹ ሳቁ። እሱ ግን ሳቁ ሳያልቅ ራሱን ነቀነቀና "ልጁ ሳይጨርሰው ነው የሄደው። ነፍሱን ይማር" አለ። ከቫዮሊኖቹ በኩል አንዷ ለጎረቤቷ፣ መጀመሪያም ሽማግሌው ካልያዙለት ብቻውን አይሆንለትም ነበር አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ሰማኋት።

ጋሽ ክፍሌ ለዛሬ ይብቃን አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወደ እኔ መጡ። እንሸኛኝ አሉኝ።

በሐይቁ ዳር መንገድ ብዙ ሄድን። ዋርካዎቹ ሥር ተማሪዎች ተቀምጠዋል፤ ጀልባ ነጂዎች ሰው ይጠራሉ። ሽማግሌው ደከማቸውና የድንጋይ መቀመጫ ላይ አረፍ አሉ። እኔ ቆምሁ።

"ቀዩን ምን አደረግኸው?" አሉኝ።

"ቀዩ የእርስዎ ነው፣ የወንድሜ አይደለም። እኔ እሱ የጻፈውን ነው የገለበጥሁት።"

"እኔ ስጽፍ አይተሃል?"

"ቀይ ነዋ፣ ጋሽ ክፍሌ። እርማት ነው።"

እህ እህ አሉ። የሳቁ መስሎኝ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አልሳቁም።

ከዚያ የነገሩኝን ሁሉ እንዳለ መጻፍ አልችልም፤ ረጅም ነው፣ እሳቸውም እየቆሙ እያረፉ ነው የተናገሩት። በረዶ አገር ተማሪ ሳሉ አንድ ምሽት ቆመው በሚያዳምጡበት ቦታ አንድ ሲምፎኒ ሰሙ። የደረሰው ሰው የቪየና ሰው ነው፣ ከሞተ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሙዚቃው ሲጀምር ከሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ብቻ ነበር፤ በጣም ዝግ ያለ፣ የማያቋርጥ። አዳራሹን የሚያሞቀው ቱቦ የሚጮህ መስሏቸው ዞረው ቱቦውን ሲያዩ አጠገባቸው የቆመች ሴት ተቆጣቻቸው። ኋላ ከዚያ ድምፅ በላይ፣ ከሩቅ፣ አንድ መሣሪያ ተጣራ። ቆይቶ ሌላው መለሰለት። ያ ሰው ጣናን አያውቅም፤ እሳቸው ግን ደንገሉ መካከል ቆመው ሰው ከማዶ ሲጣራ የሚሰሙ መሰላቸው። ማደሪያቸው ገብተው መጻፍ ጀመሩ። ወፍራሙን ድምፅ ከሰውየው ወሰዱ፤ መልሱን ግን በራሳቸው አገር እንደሚያውቁት አድርገው ሠሩት። የተጫወቱላቸው ዕለት አንድ መምህራቸው በሰው ፊት፣ ይህ የቪየናው ሰው ነው፣ የአንተ የታለ አላቸው።

"ከማን እንደወሰድሁ ስላልተናገርሁ ሌባ ሆንሁ" አሉኝ። "አፈርሁ። ሣጥን ውስጥ የከተትሁት ለዚያ ነው።"

ሀብታሙ ሣጥኑን ካስከፈታቸው በኋላ ያን ድምፅና ያን መልስ ለሲምፎኒው እንዲሰጡት ለመናቸው። እምቢ አሉት። አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ አሉት።

"ለምን?" አልኋቸው።

"ቀናሁበት። እኔ አርባ ገጽ ሙሉ የባዘንሁበትን እሱ ስድስት ገጽ ላይ ቦታውን አገኘለት። የእኔ የምላት አንዲት ነገር እሷ ናት፣ ልጄ፤ እሷ ደግሞ በእሱ እጅ ከእኔ እጅ ይልቅ ታምር ነበር።"

ደቅ የሄዱ ጊዜ ቄሱ የብራና መጽሐፍ ገልጠው አሳዩአቸው። ጽሑፉ ጥቁር ነው፤ የእመቤታችን ስም ወይም የቅዱሳን ስም ሲደርስ ግን ጸሐፊው ጥቁሩን አስቀምጦ በቀይ ይጽፋል። ሀብታሙ አፉን ከፍቶ ብዙ አየው። ሲወጡ "ጋሽ ክፍሌ፣ የእርስዎን በቀይ ብጽፈውስ? የማን እንደሆነ ያየ ሁሉ ይወቅ" አላቸው። ያን ጊዜ እሺ አሉት።

"በገዛ እጁ ነው የጻፈው" አሉኝ። "ሁለት ሳምንት እኔ ዘንድ የቆየው ላርመው አይደለም። አንዲት ነጥብ አልነካሁም። ኖታውን ልመልስለት አልሆንልኝ ብሎ ነው።"

 እሳቸው ወደ ውኃው እያዩ ቀጠሉ።

"እኔን ያወጣህ መስሎሃል። ያን ድምፅ ወስዶ ከማን ሥር እንዳነጠፈው አላየህም? ፉጨቷ የአንተ እንደሆነች ነግሮኛል። እሱ ማፏጨት እንደማይችልም ነግሮኛል። ሐይቁ ውስጥ ሆኖ ስትጠራው ይሰማህ ነበር፤ የሚመልስልህ ድምፅ ግን አልነበረውም። 'የምመልስለትን እርስዎ ሣጥን ውስጥ አገኘሁት' ነው ያለኝ። ልጄ፣ ያወጣኸው የእሱን መልስ ነው።"

አጠገባቸው ተቀመጥሁ።  አንድ ታንኳ አለፈ። ከዚያ ከብዙ ማሰብ በኋላ እንደሚናገር ሰው ሆነው፣ ለተጫዋቾቹ ሁለተኛው ክፍል ሳያልቅ የቀረ ነው ብለው እንደሚነግሯቸው፣ እሑድ የመጀመሪያውን ብቻ እንደሚያሰሙ ነገሩኝ። የእኔ ስም አይነሣም። እናቴም አትሰማም። ማንም ያን ያህል አይገረምም፤ ልጁ አልጨረሰውም ብለው አምነዋል።

"ያ ሁሉ የእሱ ጥፋት ሆኖ ይቀራላ" አልሁ።

"ሙት አይወቀስም" አሉኝ። ከዚያ "ካልሆነም አንተ ታውቃለህ" ብለው ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ወደ ሽምብጥ ሄዱ። በዚያ አካሄድ የሚሄድ ሌላ ሰው ከእንግዲህ እንደሌለ ያን ጊዜ ገባኝ። ሽማግሌውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጠላቸው በዓይኔ ሸኘኋቸው።

በማግስቱ ጧት ያካፋ ነበር። ትልቁን ኖታ በላስቲክ ጠቅልዬ ስወጣ እናቴ ወዴት ነው አለችኝ። ለሰው ላሳየው ነው አልኋት። ከወረቀት መሸጫ ቀይ እስክሪብቶ ገዛሁ። ከዐሥራ ዘጠኙ መጀመሪያ ወደ ሳጅን አየለ ቤት ሄድሁ፤ ልጁ አልጨረሰውም ብሎ በሰው ፊት የተናገረው እሱ ነውና። በካናቴራ ሆኖ በረንዳው ላይ ፊቱን ይታጠባል። አንተ የሟቹ ወንድም አይደለህም ወይ፣ ግባ እንጂ አለኝ። አልገባም አልሁት። ብገባ የምናገረው የሚጠፋኝ መሰለኝ።

"ሀብታሙ ሁለተኛውን ክፍል ጨርሶት ነበር" አልሁት። "ያጎደልሁት እኔ ነኝ። ስገለብጥ ሆን ብዬ ተውሁት።"

ውኃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ አየኝ። "ለምን?"

"ቀንቼ።"

የሚስቅ መስሎኝ ነበር። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ እጁን ብቻ በደንብ አደረቀ፤ ጣት በጣት። ከዚያ ላስቲኩን እንድፈታ በራሱ ምልክት ሰጠኝ። ኖታውን በረንዳው ላይ ባለው የመቀመጫ ዱካ ላይ ዘረጋሁለት። ጎንበስ ብሎ ጥቁሩን አለፈና በወፍራም ጣቱ ቀዩን ከገጽ ገጽ እየተከተለ ሄደ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቤት ገብቶ እኔ የሰጠሁትን ባዶ ወረቀት አመጣና አጠገቡ አስቀመጠው።

"እና እኔ ስንተኛው ምት ላይ ነው የምገባው?" አለኝ።

"ከመጀመሪያው" አልሁት፤ እስክሪብቶውን ከፈትሁ።